ሰያፍ የሌለው ቤት

በመርሳና በዙሪያው አናጺ ወልዴን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው፣ ወይ ዕድሜ ልኩን በሰው ቤት የኖረ ነው። ከመርሳ ገበያ እስከ ሲሪንቃ አስፋልቱን ተከትሎ፣ ከዚያም ወደ ደጋው ሽቅብ፣ ባህር ዛፍ አቁሞ ማገር የመታላቸው ቤቶች ዛሬም ቀጥ ብለው አሉ። ሠሪያቸው ግን ቀጥ ማለት ከተወ ቆይቷል። ወገቡ ጎብጧል፣ ጉልበቱ ሲነሳ ሲቀመጥ ይንቋቋል። ያላረጀው ምላሱ ብቻ ነው።

ጎረቤት ሲቀልድበት የወልዴ ሃይማኖት ሁለት ነው ይላል፤ አንዱ ተዋሕዶ፣ ሌላው ሰያፍ። ሰያፍ በቤት ማዕዘን ላይ ከአንዱ ቋሚ ግርጌ ተነስቶ ወደ ሌላው ቋሚ አናት ተንጋዶ የሚመታ እንጨት ነው። ነፋስ ቤቱን ወደ ጎን ሲገፋው ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ወልዴ ሰያፍ በሌለው ቤት አጠገብ ባለፈ ባገደመ ቁጥር፣ ሱሪ ሳይታጠቅ አደባባይ የወጣ ሰው ያየ ይመስል ፊቱን ያዞር ነበር።

ደግሞ አንድ ልማድ አለው። ቋሚው ቆሞ፣ ማገሩ ተመቶ፣ ጣራው ከተመታ በኋላ፣ ጭቃው ሳይለጠፍ፣ ጋቢውን አውልቆ ለባለቤቱ ያስይዛል። ከዚያ ጀርባውን ከማዕዘኑ ቋሚ ጋር ያጋጥምና፣ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ይገፋል። ቤቱ ዝም ካለ «መርጉት» ብሎ ጋቢውን ይቀበላል። ቤቱ ሲጥ ካለ ደግሞ ሌላ ሰያፍ ሳይጨምር ማንንም ጭቃ አያስነካም። ሽማግሌ ልኮ ልጅ የሚያስጠይቅ ሰው፣ «ለመሆኑ ጎጆውን ወልዴ ገፍቶታል?» ተብሎ ሲጠየቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ የሚሉ አሉ። ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ከሰውየው የራቀ ውሸት አይደለም።

የዚህ ሰው ታላቅ እህት አልማዝ የምትኖረው ግን ወልዴ ባልሠራው ቤት ነበር። ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለ ዋልካ መሬት ላይ ሟች ባሏ ያሠራላት የብሎኬት ቤት ነው። ዋልካ ማለት መቼም የታወቀ ጥቁር አፈር ነው፤ በጋ ሲሆን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ክረምት ሲሆን እንደ ሊጥ ያብጣል። ከባድ ቤት አይወድም። የአልማዝን ቤት በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ኖሮ፣ ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። በሲሚንቶ ይደፍኑታል፣ ክረምት ይከፍተዋል። በዚህ ዓመት አልጋዋ ራስጌ ያለው ስንጥቅ ከመስፋቱ የተነሳ የጠዋት ፀሐይ በዚያው ገብታ ትራሷ ላይ ታርፍ ጀመር፤ ግድግዳውም ወደ ውስጥ ሆዱን ነፋ። አልማዝ ግን ሰዓት አላስፈለገኝም ብላ ትቀልድ ነበር።

ቀልዱ ያላሳቃት ልጇ ፀዳለ ናት። ፀዳለ የአልማዝ የመጨረሻ ልጅ ስትሆን፣ የሕንፃ ሥራ ተምራ ወልድያ ውስጥ ፎቅ ታሠራለች። ቀጭን ናት፣ ብዙ አትናገርም፣ የምትናገረውንም ጮክ ብላ አትናገርም። ስንጥቁን አይታ፣ ያበጠውን ግድግዳ በመዳፏ ዳብሳ፣ ይህ ግድግዳ ሌላ ክረምት አይሻገርም አለች። እናቷን ወልድያ ወስዳ ልታኖራት ለመነቻት። አልማዝ ላሟን፣ ጎረቤቶቿንና የማርያም ማኅበሯን ትታ የትም እንደማትሄድ ነገረቻት። እንግዲያው ክረምቱ ሳይገባ እዚያው ግቢ ውስጥ ሌላ ቤት መሠራት ነበረበት፤ ያውም ዋልካው የማይጠላው ቀላል ቤት።

ፀዳለ ያሰበችው ቤት መሠረቱ የድንጋይ እግሮች፣ አጥንቱ የተላገ ሞራሌ እንጨት፣ ቆዳው ደግሞ የሲሚንቶ ቦርድ የሆነ ነው። ቦርዱ ከሲሚንቶና ከእንጨት ጭረት ተጨምቆ የሚሠራ ሰፊ ግራጫ ሰሌዳ ነው። ወልድያ ውስጥ ለጌጥ ሲለጥፉት ወልዴም አይቶታል። ፀዳለ ግን ለጌጥ አልፈለገችውም። አጎቷ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ ሰያፉ የት የት እንደሚገባ ጠየቃት። ሰያፍ እንደሌለው ነገረችው። ቦርዱ ራሱ ቤቱን ይይዘዋል አለች።

  ወልዴ አፉን ሞልቶ ተናገረ፤ ከተማ ያስተማራት የቤትን ሰያፍ መንጠቅ ከሆነ፣ እንኳን እሱ ፊደል አልቆጠረ። እምቢ ብሎ ቢነሳ ደስ ባለው። ግን እህቱ ናት፤ እናታቸው በልጅነቱ ስትሞትበት አቅፋ ያሳደገችው ይህችው አልማዝ ናት። ለሌላ አናጺ አሳልፎ ሊሰጣት አንጀቱ አልቻለም። አልማዝም ነገሩን በአንድ ቃል አሰረችው።

«ወልዴ በጀርባው ያልገፋው ቤት ውስጥ አላድርም» አለች። «ከዚያ ይልቅ የባሌ ግድግዳ ይጫነኝ።»

እንዲህ ሆኖ ነው አጎትና የእህት ልጅ አንዱ ያለ አንዱ የማይሆንለት ሥራ ውስጥ የገቡት። ለፀዳለ የወልዴ ጀርባ ያስፈልጋታል። ለወልዴ ደግሞ የማያምንበትን ቤት መሥራት ግድ ሆነበት። ሰማዩም በሰሜኑ ደጋ በኩል እየጠቆረ ነበር።

ቦርዱን ከኮምቦልቻ ጭኖ ያመጣው ጌትነት የሚባል የአይሱዙ ሾፌር ነው። ወልዴ የመጀመሪያውን ቦርድ እንደ ቆርቆሮ ጋደም አድርጎ ከአንድ ጎኑ ብድግ ሲያደርገው፣ ቦርዱ መሃል ወገቡ ላይ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ጌትነት ከመሪው ሳይወርድ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» አለና ሳቀ። ፀዳለ አልሳቀችም። ሁለተኛውን ቦርድ በጠርዙ አቁማ፣ ለሁለት ይዘው እንዴት እንደሚሄዱ አሳየችው። በጠርዙ ሲቆም ያ ተሰባሪ ነገር እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ወልዴ ይህን ልብ ብሎታል፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

የተሰበረውን ግን ዝም ብሎ አልጣለውም። ቁራጩን እሳት ውስጥ ከተተው፤ እሳቱ ከሰመ፣ ቦርዱ ትንሽ ጠቁሮ እንዳለ ወጣ። ሌላውን ቁራጭ ጓሮ ካለው የምስጥ ኩይሳ ላይ አጋደመውና ጠዋት ሄዶ አየው። የስንቱን ቤት ቋሚ ዱቄት ያደረገ ምስጥ በላዩ ሄዶበት፣ አፉን ሳያሳርፍበት ተመልሷል። ውሃ ውስጥ ነክሮም አየው፤ አላበጠም፣ አልተላቀቀም። ወልዴ የሠራው ቤት ሁሉ የሚሞተው በእነዚህ በሦስቱ ነው፤ በእሳት፣ በምስጥ፣ በውሃ። እውነት ለመናገር ልቡ ያን ቀን ነው ከቦርዱ ጋር የሄደው። ኩራቱ ነው የቀረው።

ፀዳለ ስታሠራ ነገሯ ሁሉ ጠርዝ ላይ ነበር። እያንዳንዱ ቦርድ በአራቱም ጠርዙ ከኋላው እንጨት ይኑረው አለች። ሚስማሩ ዙሪያውን በየአራት ጣቱ ይመታ፣ ከጫፉ አንድ ጣት ገባ ይበል፣ መሃል መሃሉን ግን ራቅ ራቅ ቢል ግድ የለም። ወልዴ ዕድሜውን ሙሉ ኮርኒስ ሲመታ የኖረው እንዳይረግብ መሃል መሃሉን ነውና፣ ነገሩ የተገለበጠ መሰለው። ደግሞስ ይህን ሁሉ ሚስማር የጠጣ ሰሌዳ ወንፊት እንጂ ግድግዳ ይሆናል? በሆዱ ይህን እያለ ራሱን ነቀነቀላት። እሷም የነቀነቀውን አምና፣ ወልድያ የጀመረችው ፎቅ የኮንክሪት ወለሉ የሚሞላበት ሳምንት ስለነበር ተመልሳ ሄደች። ጣራው ተመቶ፣ ቦርዱ በጥቂት ሚስማር ቦታ ቦታውን ይዞ፣ የቀረው የወልዴ መዶሻ ነበር።

እንግዲህ ደቦው የደረሰው በዚህ መሃል ነው። አልማዝ ቤት እየሠራች መሆኑን የሰማ ጎረቤት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ባዶ እግሩን ሆኖ ጭቃ ሊረግጥ መጣ። በዚያ አገር ቤት የሚቆመው በሰው እግር ነው፤ ወንዱ ጭቃውን ከጭድ ጋር ይረግጣል፣ ሴቱ ውሃ ያቀርባል፣ ሕፃኑም ቢሆን አንድ እፍኝ ይለጥፋል። ያልረገጠ ሰው ከቤቱ እህል አይቀምስም፤ ነውር ነው። የጎረቤታቸው ገበሬ ኡበይደላ ጭራሽ አህያ ሙሉ ጭድ ጭኖ መጥቶ፣ የት እንደሚያራግፈው ጠየቀ። ጭቃ እንደሌለ ሲነግሩት ግራጫውን ግድግዳ አየ፣ ጭዱን አየ፣ አህያዋን አየ። ሌሎቹም እንዲሁ ባዶ እግራቸውን እያዩ ቆሙ። የሰኔ ጾም ነበርና ሽሮውም ምስሩም ተሠርቶ ይጠብቃል። ማን ምን ሠርቶ ይብላው?

አልማዝ ይህን አየች። በእሷ ደጃፍ ጎረቤት እንደ እንግዳ ሲቆም አይታ አታውቅም። «ጭቃ ባይኖር ሚስማር አለ» አለች። «እያንዳንዳችሁ እየመረቃችሁ አንዳንድ ምቱልኝ።»

ፊቶች ሁሉ ፈኩ። መዶሻው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ካህኑ መትተው ባረኩ፣ ኡበይደላም ቢስሚላህ ብሎ አንዱን አጣሞ መታው፣ አሮጊቶች እጃቸው ተይዞላቸው መቱ። አንዳንድ የተባለውም ቀረና፣ ለልጄም፣ ለወንድሜም፣ አዲስ አበባ ላለችው እህቴም እየተባለ ተመታ። ችግሩ ምኑ ላይ ነው ቢሉ፣ ምርቃቱን ሰው እንዲያይለት የማይፈልግ የለም። ሁሉም በሩ ዙሪያ፣ በደረቱ ልክ፣ ቦርዱ መሃል ለመሃል መታ። ጎንበስ ብሎ እግር ስር፣ ወይም ጓሮ ዞሮ ማን ምርቃት ይመታል? ከኋላው እንጨት ይኑር አይኑር የጠየቀም አልነበረም። ወልዴ ይህን ሁሉ እያየ ነው። የአራት ጣቱን ነገር አልረሳውም። ግን ሚስማር ሚስማር ነው፣ ከበዛ በዛ፣ ብሎ ተወው። ሚስማሩ ሲያልቅ የቦርዶቹ መሃል እንደ ፈንጣጣ ፊት ተነቅሷል፤ ጠርዛቸው ግን በእነዚያው ጥቂት ሚስማሮች ቀረ።

ከዚያ የማይቀረው መጣ። «አያ ወልዴ፣ ግፋው እንጂ!» ተባለ።

ወልዴ ጋቢውን አውልቆ ለእህቱ ሰጠ። ጀርባውን ከማዕዘኑ አጋጠመ፤ እግሩን ተከለ፤ ገፋ። ቤቱ ሲጥ ብቻ አላለም። ማዕዘኑ አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ሄደና፣ አንዱ ቦርድ በሌላው ጠርዝ ላይ እየተፋቀ ሲንሸራተት ሁሉም አየ። ሲለቀው እያቃሰተ ተመለሰ።

 ወልዴን በመጀመሪያ የተሰማው፣ ምን ይደረግ፣ ደስታ ነበር። «ሰያፍ የሌለው ቤት ይኸው ነው!» አለ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። አልማዝ ጋቢውን ቀስ ብላ አጥፋ መለሰችለትና፣ ወደ ተሰነጠቀው ቤቷ ገባች። የወልዴ ደስታ እዚያው ደረቱ ላይ ደረቀ። ምሳው ተበላ፤ እንደ ለቅሶ ቤት እህል።

ያን ምሽት ዝናብ ጣለ። ወሬው በስልክ ወልድያ ደርሶ ስለነበር፣ ፀዳለ በማለዳው ሚኒባስ መጣች። በመጀመሪያ የገባችው እናቷ ጋ ነው። የራስጌው ግድግዳ ሌሊቱን ውሃ ጠጥቶ ይበልጥ አብጧል። አልማዝ ያደረገችው ነገር ቢኖር ትራሷን ወደ ግርጌ ማዞር ብቻ ነው። ልጅቷ ወጥታ አዲሱን ቤት ዞረችው። በሩ ዙሪያ የተመታውን ሚስማር አየች፣ ተቀምጣ የታችኛውን ጠርዝ አየች፣ ውስጥ ገብታ አየች። ወልዴ ለጠብ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቃት። ለእያንዳንዱ ወቀሳ አንድ አንድ መልስ አዘጋጅቷል። እሷ ግን አንድም አልወቀሰችውም።

«ግድግዳውን አሰብኩ እንጂ ሰዉን አላሰብኩም» አለች። «ሊያግዙ የመጡ ሰዎች ምን እንደሚሠሩ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር።»

 ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ያደረ ሰው፣ የሚጣላው ሲያጣ ምን ይሁን? ኩም ብሎ ሄዶ ከአሮጌው ቤት ጣራ ስር ተቀመጠና፣ የጀመረውን ሥራ አነሳ። አልማዝ ከምትተኛበት ሌላ ያላት የጠፍር አልጋ ነው። ጠፍሩ ረግቦባት ስለነበር፣ ፈትቶ እንደ አዲስ ሊወጥርላት ጊዜ ሲያገኝ እያነሳ ይሠራዋል። ገና ግማሹ ስላልተወጠረ አልጋው በነካው ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይላል። ፀዳለ መጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ጥቂት ጊዜ እጁን ስታይ ቆየች።

«ጋሼ» አለችው፣ «ጠፍሩን የት የት ነው የሚያስሩት?»

«ዙሪያውን ነዋ። ጠርዝ ጠርዙን።»

«መሃል መሃሉን ብቻ ቢያስሩትስ?»

ወልዴ ሳቀ። እንዲህ ያለ አልጋ የተኛበትን ሰው ሌሊት ለመሬት ያስረክባል፤ እንኳን ሰው፣ ድመትም አይችል ሊላት ነበር። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። እጁን ጠፍሩ ላይ አድርጎ አልጋውን በክርኑ ገፋ አደረገው፤ ተንጋደደ። የቀረውን ጠፍር በጠርዙ ቀዳዳ አሳልፎ፣ ስቦ፣ አሰረው፤ ሌላውንም፣ ሌላውንም። ፀዳለ አልተጣደፈችም። ሲጨርስ እንደገና ገፋው። አልጋው ዝም አለ። ያ ቅድም ሲንጋደድ የነበረው እንጨት ነው፤ አንድ ሚስማር አልተጨመረለትም። ወልዴ ይህን ዕድሜውን ሙሉ በእጁ ሲሠራ ኖሯል። ቤትም እንዲህ ሊታሰር ይችላል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም።

«ሰያፍማ አለው» አለች ፀዳለ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቦርዱ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለንተናው ሰያፍ ነው። ጠርዙ ካልታሰረ ግን ሰያፉና እንጨቱ አይገናኙም።»

ወልዴ ተነሳ። ጉልበቱ ተንቋቋ። መዶሻውን አንስቶ ሲያበቃ፣ ለመሆኑ ሚስማር አምጥተሻል ወይ አላት። አምጥታለች።

የጎረቤቶቹን ሚስማር ግን ምን ያድርጉት? ወልዴ በንዴቱ አንድ በአንድ ሊነቅለው ነበር። ፀዳለ ከለከለችው። ሲነቀል ቦርዱም ይሰነጠቃል፣ የመታው ሰውም ይቀየማል፤ ባለበት ይሁን፣ ዙሪያውን እንጨምርበት አለች። ውስጥ ገብተው ሲያዩ ግን የብዙው ሚስማር ጫፍ እንጨት ሳያገኝ ባዶውን ወጥቶ ይታያል። የኡበይደላ ጠማማው፣ የካህኑ፣ አዲስ አበባ ላለችው እህት የተመታው፣ ሁሉም ጫፉ አየር ላይ ነው። ወልዴ ቆሞ አየው። ከዚያ የሞራሌ ቁርጥራጭ ለቅሞ፣ ከእያንዳንዱ ሚስማር ኋላ እንጨት እየደገፈ፣ ሰው ከውጭ እንዲመታለት አደረገ። ለቤቱ ጥንካሬ ይህ እንደማያስፈልግ ፀዳለ ነገረችው።

«ለቤቱ አይደለም» አላት። «የሰው ምርቃት አየር ላይ አይንጠለጠልም።»

እሷም ተወችው፤ እንዲያውም ቁርጥራጭ ታቀብለው ጀመር።

ወልዴ የእህቱን ልጅ በደንብ ያያት ከዚያ በኋላ ነው። ያ ማንም ጎንበስ ብሎ ሊመታው ያልፈለገው የታች ጠርዝ ነበር የቀረው። ፀዳለ ሱሪዋን ሳትሰበስብ ዝናብ ያቦካው ዋልካ ላይ ተንበርክካ፣ አንገቷን ሰብራ፣ በየአራት ጣቱ እየለካች ትመታ ጀመር። ያ ቦታ ነገ ሣር ይሸፍነዋል፣ ዶሮ ይጭርበታል፤ ማንም ጎብኚ አይቶ «ማን መታው?» አይልም። እሷ ግን በር ላይ እንደሚመታ ሰው ተጠንቅቃ ነው የምትመታው። አንዱ ሚስማር ሲጣመምባት ቀስ ብላ አውጥታ ሌላ መታች። ጓሮ ዞረች፤ እዚያም እንዲሁ። ወልዴ ይህችን ልጅ ወደዳት፤ ኮራባት። የእህቱ ልጅ ስለሆነች አይደለም። እሱ ራሱ በዚያ ዕድሜው የማይታየውን ቦታ እንዲህ ይሠራ እንደነበር ለማስታወስ ሞክሮ፣ እርግጠኛ መሆን አቃተው። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠና ሚስማር አቀባይ ሆነ። መርሳ ውስጥ ወልዴን ሚስማር አቀባይ ያደረገ አናጺ ከዚያ በፊት አልተወለደም። ስትጨርስ እሷ አነሳችው እንጂ በራሱ መነሳት አልቻለም ነበር።

ሲያበቁ ወልዴ ራሱ በየቤቱ ዞሮ ያን ደቦ መልሶ ጠራው። ያን ጊዜ ጮክ ብሎ የተናገረውን አሁንም ጮክ ብሎ መናገር እንዳለበት ያውቃል። ሰዎቹ ሲመጡ የሰማዩ ግንባር ጠቁሮ፣ ነፋሱ የባህር ዛፎቹን አናት እየደፋ ነበር። አልማዝ ከአሮጌው ቤት በር ላይ ቆማለች። ወልዴ ለሰዎቹ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ አይሱዙ እንደሚገፉ ሆነው ማዕዘኑን እንዲገፉት ነገራቸው። ቀልድ መሰላቸው። ኋላ ግን ያለ የሌለው ወንድ ተሰልፎ፣ ኡበይደላ ከፊት ሆኖ፣ «በሉ!» ብለው ገፉ። እግራቸው ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፤ አንዱ በግንባሩ ተደፋ። ቤቱ ግን ሲጥ አላለም። ደግመው ገፉ። እነሱ ተነፈሱ እንጂ ቤቱ አልተነፈሰም።

ኡበይደላ ላቡን እየጠረገ ግድግዳውን በጥርጣሬ አየው። «ወላሂ፣ አያ ወልዴ፣ ሰያፉን የሆነ ቦታ ደብቀኸዋል» አለ።

«አልደበቅኩም» አለ ወልዴ፣ መዳፉን ግራጫው ቦርድ ላይ አሳርፎ። «ይኸው ፊት ለፊትህ ነው፤ ይህ ሁሉ ሰያፍ ነው። ባለፈው የወደቀው ቤቱ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። እንዴት እንደሚታሰር ይህች ልጅ ነግራኝ ነበር፤ ንቄ ተውኩት። የእናንተም ሚስማር አንዱ አልተነቀለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው አይደል የሚባለው? ቤቱም እንደዚያው ነው። ሸክሙን ለሁሉም ሚስማር አካፍላዋለች።»

ሰዎቹ ወደ ፀዳለ ዞሩ። ፀዳለ ጉልበቷ ላይ የደረቀውን ጭቃ ስታራግፍ ተገኘች። ኡበይደላ የራሱን ጠማማ ሚስማር ፈልጎ አገኘና፣ በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ፈገግ አለ።

አልማዝ ግን ከበሯ አልተንቀሳቀሰችም። የደቦውን ሁሉ ጉልበት አይታለች፤ የምትፈልገው ግን የደቦውን አልነበረም። ሁሉም ይህን ስለሚያውቅ ለወልዴ ቦታ ለቀቀለት። ጋቢውን ሊይዙለት እጅ የዘረጉም ነበሩ።

ወልዴ ጋቢውን አላወለቀም። እንደለበሰው ወደ ማዕዘኑ ሄደ፤ ጀርባውን ከቤቱ ጋር አጋጠመ። እግሩን አልተከለም። አንዱን እግሩን በሌላው ላይ አጣጥፎ፣ ክብደቱን ሁሉ ለግድግዳው ለቀቀና፣ ተደገፈ። ዓይኑንም ጨፈነ። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮውን መታ። ሰዎቹ ሲገፋ ለማየት ጠበቁ፤ አልገፋም።

«አትገፋውም እንዴ?» አለ ኡበይደላ።

«ደክሞኛል» አለ ወልዴ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ትንሽ ልረፍበት።»

አልማዝ ይህን ወንድሟን በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲገፋ አይታዋለች፤ ሲደገፍ ግን አይታው አታውቅም። ጥቂት ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመለሰችና ትራሷን ይዛ ወጣች። ዝናቡ እየጠነከረ ነበር፤ ትራሷን በነጠላዋ ሸፍና ግቢውን አቋረጠች። በወንድሟ አጠገብ ስታልፍ ጋቢውን በትከሻው ላይ አስተካከለችለት። ከአዲሱ ቤት ደጃፍ ስትደርስ ዞራ ልጇን ፈለገቻት።

«ፀዳለ» አለች፣ «አልጋዬን አስመጪልኝ።»